አሳላፊ የሌለው ገበታ

ቡፌ የሚለው ቃል በእኛ አገር ሁለት ኑሮ ይኖራል። አንደኛው ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ባለመስታወት ቁም ሣጥን ነው። በውስጡ ለሠርግ የተሰጡ ብርጭቆዎች፣ አበባ የተሣለባቸው ሳህኖችና ስኒዎች ይደረደራሉ። የቤቱ ልጅ ያንን መስታወት ከከፈተ ቁጣ ይወርድበታል፤ እንግዳም ቢሆን በሩቁ ያደንቃል እንጂ እጁን አይሰድም። ዕቃዎቹ ለዓይን እንጂ ለአፍ አልተገዙምና። ሁለተኛው ቡፌ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ በየማለዳው የሚዘረጋው ገበታ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ "አትንካ" የሚል የለም። ዳቦው፣ እንቁላሉ፣ ጨጨብሳው፣ ፍርፍሩ፣ ፍራፍሬው ተደርድሮ እንግዳውን ይጠብቃል። አንድ ቃል እንዴት ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ያዘ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ቃሉ በመጣበት በፈረንሳይኛ ይገኛል። ቡፌ መጀመሪያ የዕቃው ስም ነበር፤ በኋላ ነው በላዩ ለሚቀርበው ምግብ መጠሪያ የሆነው። እኛ ሁለቱንም ተቀብለናል። ገና ያልተስማማነው ሁለተኛውን እንዴት እንደምንበላው ነው።

የሆቴል ቁርስ ለሂስ የሚበቃ ጉዳይ ነው ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ሥዕልና ስለ ቲያትር በሚወራበት ገጽ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ምን ይሠራል? እኔ በበኩሌ ይሠራል ባይ ነኝ። የአንድን ኅብረተሰብ ባህል ከመድረክና ከመጽሐፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ሳያየው ይቀራል። ሰው ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይለካለት፣ ባዶ ሳህን ይዞ ባልተገደበ ምግብ ፊት ሲቆም የሚያደርገው ነገር ስለ አስተዳደጉ፣ ስለ ራቡና ስለ ጥጋቡ ብዙ ይናገራል። እንዲያውም በከተሞቻችን ሹሙና ሾፌሩ፣ ዶክተሩና የወረዳው ባለሙያ፣ የውጭ ዜጋውና ያገሬው ሰው በአንድ ሰልፍ ከሚገናኙባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ይኸው ገበታ ነው። ስለዚህ እጠይቃለሁ። ከዚህ ገበታ ምን ያህል ማንሳት ነውር ነው? ምንስ ይዞ መውጣት?

ቡፌ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ብዙ አገር ዞሯል። ስዊድኖች በረጅም ጠረጴዛ ላይ ብዙ ዓይነት ምግብ ደርድረው እንግዳው ራሱ እያነሳ እንዲበላ የሚያደርጉበትን ልማድ ስሞርጋስቦርድ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ በተካሄደው የዓለም ትርኢት ላይ ስላቀረቡት አሜሪካውያን በሰፊው አወቁት። በ1940ዎቹ ደግሞ በላስ ቬጋስ ኤል ራንቾ ቬጋስ የተባለው ሆቴል ቁማርተኞቹ ምግብ ፍለጋ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይሄዱበት በርካሽ ዋጋ እንደ ልብ የሚነሳ ምግብ ዘረጋ። የቶኪዮው ኢምፔሪያል ሆቴል በ1958 ከስካንዲኔቪያ የቀዳውን ይህንኑ አበላል "ቫይኪንግ" ብሎ ከፈተ፤ ጃፓኖች እስከ ዛሬ ቡፌን በዚሁ ስም ይጠሩታል። ስሙ እንደየአገሩ ይለያይ እንጂ ስሌቱ አንድ ነው። አስተናጋጅ ይሠራው የነበረውን ሥራ እንግዳው ራሱ ይሠራል። ሆቴሉም የእያንዳንዱን ሆድ ሳይሆን የሁሉንም ሆድ አማካይ ያስከፍላል። ጥቂት የሚበላው ብዙ ለሚበላው ይከፍላል ማለት ነው።

እኛ አገር የሆቴል ታሪክ ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይጀምራል ቢባል ብዙ የሚከራከር አይኖርም። በምኒልክ ዘመን ያ ሆቴል ሲከፈት ምግብን ከቤት ውጭ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ራሱ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ሂልተን፣ በ1998 ሸራተን ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር የተሠሩት ሆቴሎች ብዙ ናቸው፤ ከነሱም ጋር ዐውደ ጥናቱና ሥልጠናው በዛ። "የአልጋ ዋጋ ቁርስን ጨምሮ" የሚለው አነጋገር ያን ጊዜ ነው ከቱሪስቱ አልፎ ወደ መንግሥት ሠራተኛው የደረሰው። ዛሬ የሆቴል ቁርስ ቡፌን የሚያውቀው ሀብታም ብቻ አይደለም። ለሦስት ቀን ሥልጠና ከወረዳው የተጠራ መምህር፣ ነርስ ወይም የግብርና ባለሙያም ያውቀዋል። ጉዳዩ የሁላችንም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ ገበታ ያደገ ሰው ቡፌ ፊት ሲቆም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ባለቤት የለም። በእኛ ቤት እንግዳ ራሱ አያነሳም። እጁን የሚያስታጥበው አለ። እንጀራውን የሚዘረጋለት፣ ወጡን የሚያወጣለት፣ ሲጎድል የሚጨምርለት አለ። በድግስ ላይ ይህ ሥራ የአሳላፊ ነው። አሳላፊ ማን እንደደረሰው፣ ማን እንዳልደረሰው እያየ ይዞራል። የእንግዳው ድርሻ ደግሞ እምቢ ማለት ነው። "በቃኝ" ይላል። ባለቤቷ "በሞቴ" ትላለች። "ጠግቤያለሁ" ይላል። "ምን በላህና!" ትላለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። ይህ ክርክር ለባዕድ ሰው ጊዜ ማባከን ይመስለው ይሆናል፤ ልኩ የሚገኘው ግን በክርክሩ መካከል ነው። ባለቤቷ አብዝታ ትገፋለች፣ እንግዳው አብዝቶ ይገታል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የሰውየው ሆድ ትክክለኛ ልክ ይሆናል።

ይሁንና የድሮውን ገበታ ከልክ በላይ ማሞገስ አልፈልግም። በምኒልክ ግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላ እንደነበር ይታወቃል፤ የሚበላው ግን በማዕረግ ተራ ነበር። መኳንንቱ በልተው ሲነሡ ቀጣዩ ይገባል፤ እንዲህ እያለ እስከ ተራው ወታደር ይወርዳል። በየቤታችንም ቢሆን ተራው አልቀረም። ወንዶቹና እንግዶቹ ይቀድማሉ፤ ሠርታ ያቀረበችው ሴትዮ ጓዳ ትቆያለች፤ ልጆች ትልልቆቹ እስኪጨርሱ ቆመው ይጠብቃሉ። አሳላፊውም ቢሆን ዓይኑ ለሁሉ እኩል አልነበረም። የክብር እንግዳ ያለበትን መሶብ ሦስቴ ሲጎበኝ ጥግ የተቀመጠውን ድኃ ዘመድ ይዘልለው ነበር። ስለዚህ "ድሮ ሥርዓት ነበረ፣ ዛሬ ጠፋ" ብሎ ማልቀስ አያዋጣም። ድሮ የነበረው ሥርዓት ለማን ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚወስንለት ሌላ ሰው የነበረበት ሥርዓት ነው።

በዚህ በኩል ቡፌ ምስጋና ይገባዋል። በሆቴሉ ሰልፍ ላይ ሚኒስትር ዴኤታው ከሾፌሩ ኋላ ሊቆም ይችላል። ሴት ከወንድ ቀድማ ታነሳለች። ሥጋ የማይበላ ሰው ለማንም ሳያስረዳ አልፎ ይሄዳል። ጨጓራውን የሚያመው ሰው "በሞቴ" ከሚሉት ሰዎች ነፃ ሆኖ ሁለት ማንኪያ ቂንጬ ብቻ አንስቶ ይቀመጣል። አስተናጋጅ ለመጥራት እጁን ማውጣት የሚያሳፍረው፣ የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ የሚቸግረው ሰው እዚህ በዓይኑ አይቶ ይመርጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእንግዳው ራሱን የመመገብ ሥልጣን የሰጠ ገበታ ነው።

ነገር ግን ሥልጣን ሲሰጥ መግቻውም አብሮ መሰጠት ነበረበት። የእኛ መግቻ ያለው ከውስጣችን ሳይሆን ከፊታችን ነው። ይሉኝታ ይባላል፤ "ምን ይሉኛል" ማለት ነው። ታዛቢ ሲኖር ይሠራል፣ ታዛቢ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የባለቤቷ ዓይን እያየን ሁለተኛውን እንጀራ በግድ የምንቀበል ሰዎች፣ ባለቤት በሌለበት አዳራሽ ሳህናችንን እንደ ዳመራ እንከምራለን። ቡፌ ገፊውን ባለቤት ሲያስወግድ የሚገታውንም እንግዳ አብሮ አስወገደው። "በቃኝ" የሚባለው "ጨምር" ለሚል ሰው ነውና፣ ማንም ጨምር በማይልበት ቦታ በቃኝ ማለትን ማን ያስተምረን?

ከዚህ ላይ አንድ የቆየ ተረት ትዝ ይለኛል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላል። የቡፌው ከማሪ በዚህ ተረት የሚመራ ሰው ነው። ሳህኑን ይዞ ሲነሣ ተሹሟል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ተሽሯል። ስለዚህ በአንዲት ጉዞ ሁሉንም መያዝ አለበት። ከፍርፍሩ ላይ የተጠበሰ እንቁላል፣ ከእንቁላሉ ላይ ሐብሐብ፣ ከሐብሐቡ ጎን ኬክ ይጭናል። ገበታው ለሦስት ሰዓት ያህል እዚያው እንደሚቆይ፣ አሥር ጊዜ መመለስ እንደሚችል ያውቃል፤ ግን አያምንም። ያለው ነገር ነገም ይኖራል ብሎ ማመን ብዙ ጊዜ ካልተደረገልን ነገር አንዱ ነው። ይህን ስል ሰውየውን ለመሳለቅ አይደለም። ወረፋ ቆመን ስኳርና ዘይት ስንጠብቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ምክንያቱን መረዳት ግን ድርጊቱን ማጽደቅ አይደለም፤ ከማሪው ከከመረው ግማሹን ትቶት ይነሣልና።

የገበታው ሥርዓት እንግዲህ ምንድን ነው? እንደ ጥቅስ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሕግ ባላወጣም፣ ብዙ ከማየት የተረዳሁትን ልናገር። አስተዋይ ሰው ሳህን ከማንሳቱ በፊት ገበታውን አንድ ጊዜ ዞሮ ያያል። ትንሽ ትንሽ ያነሳል፤ ከጣመው ይመለሳል። ሰልፉ ላይ ቆሞ ከወዳጁ ጋር ስለ ፖለቲካ አያወጋም። ዳቦውን በእጁ እየጨበጠ የትኛው ትኩስ እንደሆነ አይመረምርም፤ ማንሻ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካሉ ያስቀድማቸዋል፤ ከዚያም አልፎ ተቀምጠው እንዲቆዩ አድርጎ የሚወዱትን ጠይቆ ያመጣላቸዋል። በሠርጎቻችን ላይ ወጣቶች ይህን ሲያደርጉ አያለሁ፤ አሳላፊ ከገበታችን ጨርሶ እንዳልጠፋ የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው። ራሱ ጠግቦ የተነሣ ሳህን ባዶ ሆኖ መቅረቱን ደግሞ እንደ ትልቅ ጨዋነት ይቆጥረዋል።

ከሁሉ በላይ ግን በእኛ አገር አንድ ሥርዓት አለ፤ የውጭ አገር የጠረጴዛ ሥርዓት መጻሕፍት የማይነግሩን። እሱም የጭልፋ ነገር ነው። በዐቢይ ጾም፣ በረቡዕና በዓርብ የጾሙ ምግብ በአንድ በኩል፣ የፍስኩ በሌላ በኩል ይደረደራል። ሥጋ የገባበትን ጭልፋ ወስዶ ሽሮው ውስጥ የሚነክር ሰው በአንዲት ቸልተኛ እጅ የሃያ ሰው ቁርስ ያበላሻል። ጿሚው ወይ ሳያውቅ ይፈታል፣ ወይ አውቆ ጦሙን ይውላል። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ በተለየበት ገበታም ነገሩ ያው ነው። ሁለት ዳቦ በቦርሳው ከሚከት ሰው ይልቅ ጭልፋ የሚያዘዋውረው ሰው የበለጠ ይጎዳል። ታዲያ ለመጀመሪያው ጥበቃ ሲያፈጥ፣ ሁለተኛውን የሚቆጣ አይቼ አላውቅም።

ወደ ዳቦውና ወደ ቦርሳው ልምጣ፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ነውና። ሆቴሎች "ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ነው" የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ከላይ የጠቀስኩት ስሌት ነው። ዋጋው የተተመነው አንድ ሰው በአንድ መቀመጫ ሊበላ በሚችለው ልክ ነው። ሆድ ወሰን አለው፤ ቦርሳ ግን የለውም። ቁርስ ከፍሎ ምሳንና እራትን ይዞ የሚወጣ እንግዳ፣ ዋጋውን የሚያስከፍለው ነገ ለሚመጣው እንግዳ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይቆይ፤ የበሰለ ምግብ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት አይቀመጥ ይላል። በሶፍት ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የዋለ እንቁላል ፍርፍር ከቀትር በኋላ ሰው ቢያሳምም፣ ስሙ የሚጠፋው የሆቴሉ ነው።

በዚህ ጉዳይ ፈረንሳዮች የደረሱበት ውሳኔ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የፈረንሳይ ምግብ ቤቶች ደንበኛው ያልጨረሰውን ምግብ ይዞ ለመሄድ ከጠየቀ መያዣ እንዲሰጡት በሕግ ተገደዋል። ሕጉ ግን አንድ ነገር ለይቶ አስቀርቷል፤ እንደ ልብ እየተነሳ የሚበላበትን ገበታ። ልዩነቱ ትክክል ነው። ከምግብ ዝርዝር አዝዤ የመጣልኝ ጥብስ የኔ ነው፤ ገዝቼዋለሁ። ቡፌው ላይ ያለው ጥብስ ግን የኔ የሚሆነው ስበላው ብቻ ነው። የከፈልኩት ለምግቡ ሳይሆን ለመቀመጫውና ለሆዴ ነው። ስለዚህ "ከፍዬበታለሁ" የሚለው የተለመደ መከራከሪያ አይቆምም። እዚህ ድረስ ከሆቴሎቹ ጋር ነኝ።

እዚህ ላይ የምለያቸው ባየሁት አንድ ነገር ነው። ስሙን በማልጠቅሰው፣ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ አንድ ሆቴል ለሥልጠና ከተሰበሰቡ ሰዎች ጋር ቁርስ በላሁ። የመጨረሻው ቀን ነበር። አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ የገጠር ሠራተኛ ሻያቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ፣ ከሳህናቸው ላይ ያልነኩትን ሁለት ቁራሽ ዳቦና አንድ የተቀቀለ እንቁላል በሶፍት ጠቀለሉ። የአዳራሹ ኃላፊ ከወዲያ ማዶ አይቷቸው መጣ። "እናቴ፣ ምግብ ይዞ መውጣት አይቻልም፤ እዚሁ ይጠቀሙ" አላቸው። አነጋገሩ ትሑት ነበር፤ ድምፁ ግን እስከ ቡና ማሽኑ ይሰማል። "የመንገድ ብዬ ነው፤ መኪናው አሁን ይነሣል" አሉት። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየ። ሴትዮዋ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከሳቸው ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ተነሣ። ሳህኑ ላይ ሁለት ኬክ፣ ያልተነካ ጨጨብሳ፣ ግማሽ ኦምሌትና አንድ ክምር ሐብሐብ ቀርቷል። ያው ኃላፊ ፈገግ ብሎ "ጨርሰዋል ጌታዬ?" አለውና ሳህኑን ራሱ አነሣለት። ከዚያም የሴትዮዋን ጥቅል ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ በዚያው ሳህን ላይ አደረገው። ሁለቱም አብረው ወደ ጓዳ ሄዱ። በሰው እጅ የተነካ ዳቦ ወደ ገበታው አይመለስምና፣ ሆቴሉ በዚያ ተግሣጽ ያተረፈው አንድም ቁራሽ አልነበረም። ዳቦው ለመንገደኛዋ እንዳይሆን ተከልክሎ ለባልዲው ሆነ።

የዚህን ሁኔታ ትርጉም ለብዙ ጊዜ አሰላስያለሁ። በሕጉ መሠረት ጥፋተኛዋ ሴትዮዋ ናቸው፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም። ያነሳውን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ትቶታል። ከገበታው የወሰደው ግን ከሳቸው በአራት እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ እሳቸው የወሰዱት ሊበላ፣ እሱ የወሰደው ሊደፋ መሆኑ ነው። እንግዲህ የሆቴሉ ሥርዓት ከብክነት የሚጠብቀው ምግቡን ሳይሆን በሩን ነው። እኛም የሆቴሉን ዓይን ተውሰን እናያለን። ዳቦ የጠቀለለ ሰው ስናይ በክርናችን እንጎነታተላለን፤ ሙሉ ሳህን ትቶ የተነሣ ስናይ ግን "የጠገበ ሰው" እንላለን፤ እንደ ክብርም እንቆጥርለታለን።

የባልዲው ጉዞ ግን ጓዳ ላይ አያበቃም። የአዲስ አበባ ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል፤ ስም አውጥቶለታል። ቡሌ ይባላል። ከሆቴልና ከምግብ ቤት የተረፈው ሁሉ ተቀላቅሎ በጓሮ በር ይወጣል። በነፃ የሚሰጥበት ቦታ አለ፤ ተሸጦ፣ ተለክቶ፣ ትርፍ ተይዞበት እንደገና የሚሸጥበትም አለ። በመርካቶና በሌሎችም ሰፈሮች የቀን ሠራተኛው፣ ሸክም የሚያወርደው፣ ጎዳና ያደረው ልጅ ይበላዋል። ያ ኬክ፣ ያ ኦምሌት፣ ያ ሐብሐብና የሴትዮዋ ዳቦ አንድ ላይ ተለንቅጠው፣ ሶፍቱም ሳይቀር ተቀላቅሎ፣ የአንድ ሰው እራት ይሆናሉ። በፊት በር ንጹሕ ሆኖ እንዳይወጣ የተከለከለው ምግብ በኋላ በር ቆሽሾ ይወጣል። የጤና ጥበቃ ምክንያቱ እዚህ ላይ ምን ይላል? ስድሳውና አምስቱ ዲግሪ ለቡሌ በሊታው አይሠራም?

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በብዙ ሆቴሎች ጓዳ የምትሠራዋ ልጅ ማታ ስትወጣ በር ላይ ቦርሳዋ ይፈተሻል። ሙሉ ቀን ያልተነኩ ሳህኖችን ስትገለብጥ የዋለች ልጅ፣ አንድ ቁራሽ ኬክ ለወንድሟ ብትይዝ ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። ለምን እንደዚያ ሆነ ብሎ ለጠየቀ የሚሰጠው መልስ "ካልከለከልን ሆን ብለው ያስተርፋሉ" የሚል ነው። ስጋቱ ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ሆን ብሎ የሚያስተርፈው እንግዳ በየማለዳው በፈገግታ ሲሸኝ፣ ሠራተኛዋ ገና ለገና ታስተርፋለች ተብላ መፈተሿ ለኅሊና ይከብዳል።

መፍትሔ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች በሆቴሎች ባደረጉት ጥናት ሁለት ቀላል ነገሮችን ሞክረዋል። በአንዳንዶቹ ሆቴሎች የሳህኑን ስፋት ቀነሱ፤ በሌሎቹ ደግሞ እንግዳው ደጋግሞ መመለስ እንደሚችል፣ አንድ ጊዜ ብዙ ከማንሳትም ይኸው እንደሚሻል የሚገልጽ ጽሑፍ ገበታው ላይ አኖሩ። በሁለቱም መንገድ የሚደፋው ምግብ በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እንግዶቹ ቅር መሰኘታቸውን የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ አሳላፊያችን ነው። ያቺ ጽሑፍ "አይዞህ፣ አያልቅም፣ ተመለስ" የምትል የባለቤት ድምፅ ናት። እንግዳውም የሚጨምርለት እንዳለ ሲያውቅ መከመሩን ተወ። የጎደለው ባለቤት በአንዲት ካርቶን ተተካ ማለት ነው።

ይዞ ስለ መውጣትም ከራሳችን የምንማረው አለን። አያቴ ከማኅበር ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ የዳቦ ቁራሽ አታጣም ነበር። እኛ ልጆቹ በር ላይ እንጠብቃት ነበር፤ ቁራሹ ከመድረቁ የተነሣ ጥርስ ይፈትናል፤ ግን በረከት ነው ተብሎ አንዲት ፍርፋሪ አትወድቅም። ያንን ዳቦ አያቴ አልደበቀችውም። የማኅበሩ ሙሴ ወይም ባለተራዋ ሴትዮ "ለልጆቹ" ብላ በእጇ የሰጠቻት ነው። የጸበል ጸዲቅ ዳቦም ላልመጣ ሰው ይላካል። መንገደኛ ሲነሣ ስንቅ ይቋጠርለታል፤ ባዶ እጁን የሸኘ ቤት ይታማል። በእኛ ባህል ከገበታ ይዞ መውጣት ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውሩ ሳይሰጡ መውሰድ ነው። ስንቅና ስርቆት በአንድ ነገር ብቻ ይለያያሉ፤ ስንቅ ባለቤቱ እያየ ይቋጠራል።

ስለዚህ ፍርዴ ሦስት ወገን ይነካል። ለእንግዳው፦ አትደብቅ፣ ጠይቅ። ማለዳ አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ የሚነሣበት ሰው ከዋዜማው ቢያሳውቅ ብዙ ሆቴሎች ቁርሱን በካርቶን አድርገው ይሰጡታል፤ ይህ የታወቀ አሠራር ነው። ከሳህንህ የተረፈች አንዲት ዳቦም ብትሆን "ይህቺን ለመንገድ ልያዛት?" ማለት አፍ አይሰብርም። ከጠየቅህና እምቢ ከተባልህ ተዋት፤ ገበታው የሰው ነው። ቦርሳውን ከፍቶ ስድስት እንቁላል የሚያጎርሰውን ግን ስንቅ በሚለው ስም አላከብረውም፤ የሚቋጥረው የቀጣዩን እንግዳ ድርሻ ነውና።

ለሆቴሉ፦ ሕግህን ጠብቅ፣ ሰው ግን በሰው ፊት አታዋርድ። የተነካ ዳቦ ላንተ አይመለስም፤ ለሴትዮዋ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። "ከፈቀድን ሁሉም ቦርሳ ይዞ ይመጣል" ትል ይሆናል። ከገበታው ላይ ማንሳትንና ከራስ ሳህን ላይ የቀረውን መያዝን መለየት አያቅትም፤ ደረቅ ዳቦንና እንቁላል ፍርፍርንም መለየት እንደዚሁ። ሠራተኞችህ የተረፈውን ንጹሕ ምግብ በግልጽ ተካፍለው እንዲወስዱ አድርግ፤ የቀረውንም ሳይለነቀጥ ለሚበላው አድርስ። ሳህንህን አሳንስ። ለጾሙና ለፍስኩ ጭልፋ ጠባቂ አቁም፤ የበር ጥበቃህ ሊተርፍ ይችላልና ከዚያ አምጣው።

ሦስተኛው ወገን ከረባት ያሰረው ሰው ነው። ለሱ የምለው አጭር ነው። ትተኸው የተነሣኸው ምግብ "ከፍዬበታለሁ" ስትል ያንተ አልሆነም፤ ስትተወው ግን ጥፋቱ ያንተ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2022 በዓለም ላይ ከባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ውስጥ 28 በመቶው ከምግብ ቤትና ከመሳሰለው አገልግሎት የወጣ ነው ይላል። ያ ቁጥር በሚሊዮን ከሚቆጠሩ እንዳንተ ካሉ ሳህኖች የተጠራቀመ ነው። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል፤ አሳላፊ በሌለበት ገበታ ላይ ግን ሆድን የሚለካው ባለሆዱ ብቻ ነው። ትንሽ አንሣ። ካነሰህ ተመለስ፤ ማንም አይሽርህም።